የሱፍ ደረሰኝ

ሲኞር ኦዶኔ ነው፣ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ቦርከና ዳር ችካል የተከለ፣
«እዚህ ጋ መዘውር፣ እዚያ ጋ መጋዘን» በከዘራው ጫፍ ጭቃ ላይ የሳለ።
ምላሱ እኔ ነበርኩ፤
በወር ስልሳ ሊሬ፣ ባንድ ጥንድ ጫማ፣ ለቃል የተቀጠርኩ።

ሐሳቡ አጭር ነው፦
የደላንታን በግ፣ የተንታን በግ፣ ብርድ ያወፈረውን ፀጉሩን ሸልቶ፣
ካፖርት ሊያደርገው ነው ለወታደሩ፣ አጥቦና ፈትቶ።
ከሮም ገንዘብ የለም። «ባንኩ ዘመቻ ላይ ነው» አለኝ እየሳቀ፤
ደሴ ነጋዴ ቤት፣ ከምድጃው ሥር፣ ጠገራ እንዳለ ግን ከኔ ቀድሞ ዐወቀ።

«አክሲዮን» የሚሉትን በምን ልተርጉመው?
«ድርሻ» ብል ውርስ ነው፣ «ማኅበር» ብል ጠላ፣ «እቁብ» ብል ዕጣ ነው።
«ብርህም ይተኛል፣ አንተም ትተኛለህ፣
መኪናው ሲፈትል ያድራል» አልኩ በመጨረሻ፤
እሱም ምን እንዳልኩኝ ሳይገባው
ሲጋራ ሰጠኝ፣ ከአፌ አኖረልኝ፣ ልክ እንደ ጉርሻ።

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከድንጋይ ወጥቼ፣ ነጋሪት አስመትቼ፣
«የሱፍ ፋብሪካ ሊቆም ነው!» አልኩኝ ድምፄን አብዝቼ።
በሳምንቱ ሰኞ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ አህያ ተደርድሯል፤
የጃማ ገበሬ፣ የከላላ ገበሬ፣ ስልቻ ጭኖ መጥቷል።
«ምንድን ነው?» አለኝ ኦዶኔ በመስኮት፤
አንዱን ፈትቼ አየሁት፦
ሱፍ! የሚቆላው፣ የሚወቀጠው፣ የረቡዕ የዓርብ ፍትፍት።
ዘይት መጭመቂያ መስሏቸው ነበር።
ሳቄ ከጉሮሮዬ ሳይወጣ፣ እሱ ከሳቅ አለፈ፤
«ሸክም ያለው ሰው ብር አያጣም» ብሎ ስማቸውን ጻፈ።

ሸዋ በር፣ ሐጂ ኑርዬ ሱቅ፣ አሞሌ ከተደረደረበት፣
ስድስት ነጋዴ ተቀምጦ፣ ሥዕሉን ዘረጋሁበት።
ሐጂ ወረቀቱን በጥፍራቸው ፋቁት፣
ጠገራ አወጡና ከድንጋዩ አጋጩት።
«ይኼ ይጮሃል» አሉኝ። «ያኛውስ ምን ይላል?»
«ያኛው ዝም ይላል» አልኩ፣ «ዝም ይልና ግን ይወልዳል።»
«የሚወልድ ብር ሐራም ነው» አሉና ተነሡ፤
«ለሶላት ነው» አልኩት ለሲኞሩ፤ ሌሎቹም ኩታቸውን አነሡ።

አምበርብር ብቻ ቀረ። በቅሎውን ሸጦ ሁለት ገዛ።
እኔም፣ ምን ነካኝ፣ የራሴን ትርጉም አምኜ ሳልጠረጥር፣
የሚስቴን የብር አልቦ ሰጠሁ፤ አንድ ደረሰኝ ተጻፈልኝ፣ ከነቁጥር።

ደጃፉ ላይ ትዋብ ነበረች፣ ባና ልትሸጥ የወረደች፤
እንዝርቷ ሳይቆም፣ «ጠይቅልኝ እስቲ» አለች፣
«መኪናው ከፈተለ፣ ይኼ የኔ እጅ ምን ይሠራል?»
«ሥራ ትፈልጋለች» አልኩት።
(ደረሰኝ ኪሱ ያለው ሰው፣ ምላሱ ይከብዳል።)
«ብራቫ!» አለና ከሠራተኛ ተርታ ስሟን አሰፈረ፤
እሷ ባናዋን አጥፋ፣ ቁልቁል ወረደች።
ለማን እንደሸጠችው አላውቅም።

ሚያዝያ ላይ ከጦሳ ማዶ መድፍ ሲያጉረመርም፣
ኦዶኔ በሌሊት በጭነት መኪና ሄደ፤ ደኅና እደሩም አላለም።
መዘውሩ ምጽዋ ደርሷል ያለ አለ፤ ከባሕር ቀረ ያለ አለ፤
የቦርከናው ካብ፣ ወገብ ላይ እንደ ቆመ፣ እስከ ዛሬ አለ።
ዶፍ ሲወርድ በጎች ይጠለሉበታል፣
ከነፀጉራቸው፣ ያልተሸለቱ፤
ያመሰኳሉ፣ ከወፍጮ ድምፅ ቀርቶ፣ ያ ነው ሥራው ቤቱ።

ሐጂ ኑርዬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣
«አክሲዮንህ ወለደች ወይ?» ይሉኛል፤ ስቀው ይሄዳሉ።

ሚስቴ ግን አትስቅም። አልቦው ከነበረበት ሙዳይ
ደረሰኙን አኑራዋለች፣ በጨርቅ ጠቅልላ።
ትናንት ማታ አወጣችው። «አንብብልኝ» አለች፤
አነበብኩላት፣ በጣልያንኛው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከነማኅተሙ።
«በል አሁን ተርጉመው።»
ኩራዙን አየሁ፤ ቀጥሎም እግሯን፣ አልቦ የሌለበትን።
«ዝም ይላል» አልኳት።